ቋሚ ጊዜያዊ

ሎስ አንጀለስ ለገባ አዲስ ሐበሻ ሁለት ዓይነት የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ አለለት። አንደኛው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ነው። ሰሌዳ የለውም፤ ጠረጴዛውም ወንበሩም የምግብ ቤት ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይከፈትና በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ ይዘጋል። ሁለተኛው ኮሪያታውን ውስጥ፣ ከዊልሸር ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ፎቅ ላይ ነው። ይኼኛው ሰሌዳ አለው፣ ፎርም አለው፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚቀዳበት ማሽን አለው፣ ስሟን ደረቷ ላይ የለጠፈች ፈገግተኛ ልጅ አለችው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በኦሎምፒክ ጎዳና የሚመላለሰው 28 ቁጥር አውቶቡስ ነው። እኔ የሁለቱንም ደጅ ጠንቻለሁ፤ ስለዚህ ማወዳደር መብቴ ነው።

የፌርፋክሱ ቢሮ ፎርም የለውም ተብሎ አይናቅም፤ ማጣሪያው ከባድ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጀምራል። «ሰፈራችሁ የት ነበር? ጉለሌ? ጉለሌ የት ጋ? እንግዲያው እነ እንትናን ታውቃቸዋለህ።» አታውቃቸውም ማለት አይቻልም። የአሜሪካኑ ቀጣሪ ያለፈ ታሪክህን ሲያስመረምር የካሊፎርኒያ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ዓመት ወዲያ እንዳይሄድ ይከለክለዋል፤ የፌርፋክስ ጋሼዎች ግን እስከ አያትህ ይወርዳሉ፣ አያትህ የተጣሉት ሰው ካለም ያስታውሳሉ። ይህን ፈተና ያለፈ ሰው ፓርኪንግ ይገባል። አንድ ሐበሻ የአንድ ሕንፃ ፓርኪንግ ኃላፊ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ከትኬት ቆራጩ እስከ ሌሊት ተረኛው ድረስ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ይሆናል።

በነገራችን ላይ የከተማው ምክር ቤት ያንን የፌርፋክስ ቁራሽ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው በ2002 ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ ቼካችንም የሚጻፈው በእሱ ነው።) እንጀራ የምንበላው እዚያ ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናድረው ኪራይ በቀናን ሰፈር ነው። እኔን የቀናኝ ኮሪያታውን፣ ከዌስተርን ጎዳና ገባ ብሎ፣ አንድ መኝታ ቤት ለሦስት ነው።

የፌርፋክስ ሥራ ጥሩነቱ ዛሬ ተነጋግረህ በሳምንቱ መጀመርህ ነው። ክፋቱ ዕዳው ነው። ያስገባህ ሰው ልጁን ክርስትና ሲያነሣ ወንበር ትደረድራለህ፣ ቤት ሲቀይር ሶፋ ትሸከማለህ፣ ሲከራከር ትስማማለህ። ሥራውን የለቀቅህ ቀን ደግሞ «አሳፈረኝ» ይባልብሃል፤ ይህም ዜና ካንተ ቀድሞ ዋሽንግተን ይደርሳል። የኮሪያታውኑ ቢሮ ግን ኤጀንሲ ነው፤ ኤጀንሲ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። አይወድህም፣ አይቀየምህም፣ ክርስትናም አይጠራህም። ለዚህ ስል ደረጃውን ወጣሁ።

ከታች የኮሪያ ዳቦ ቤት አለ፤ ሽታው እስከ ፎቅ ይከተልሃል። የተራበ ሥራ ፈላጊ ፎርም እየሞላ የዳቦ ሽታ እንዲሸተው ያሰበ ሰው ካለ ጨካኝ ነው። የሥራ ልምድ በሚለው ቦታ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ያገለገልኩትን ዘመን ዘርዝሬ፣ ከእጄ ጽሑፍ ሁሉ ቆንጆውን መርጬ ጻፍኩ። ልጅቷ አየችውና ገጹን ገለበጠችው።

«ዌርሃውስ ውስጥ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«የመጋዘን ሒሳብ መርምሬ አውቃለሁ።»

«ዕቃ ታነሣለህ?»

«የጎደለ ዕቃ አገኛለሁ።»

«50 ፓውንድ ማንሣት ትችላለህ ወይ ነው የምልህ።»

50 ፓውንድ ወደ 23 ኪሎ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው ይህ ቁጥር ለሐበሻ እንግዳ አይደለም፤ ከቦሌ ለሚነሣ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው ልክ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና የጎረቤት አደራ ያጨቀ ሻንጣ በትከሻው እየገመተ አንድ ኪሎ እንኳ የማይስት ሕዝብ በዚህ አይፈተንም። «አነሣለሁ» አልኳት። ዲግሪዬ ያልሞላውን ክፍት ቦታ ሻንጣዬ ሞላው።

ቀጥሎ ቋንቋ መጣ። ኮሪያታውን በስሙ የኮሪያ ይሁን እንጂ ከነዋሪው ብዙው ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላና ከኤልሳልቫዶር የመጣ ነው፤ ባለሱቁ ኮሪያኛ፣ ወጥ ቤቱ ስፓኒሽ ይናገራል። የሥራ ማስታወቂያውም «ሁለት ቋንቋ የሚችል ይመረጣል» ማለት ያዘወትራል። እኔ አማርኛ አለኝ፣ ኦሮምኛ አለኝ፣ እንግሊዝኛ አለኝ፣ ዳዊት ለመድገም የሚበቃ ግእዝም አላጣም። ልጅቷ አራቱንም በትዕግሥት ጻፈች። ከዚያ ስፓኒሽ የሚለውን ሳጥን አየች፣ ኮሪያኛ የሚለውን አየች፣ ሁለቱንም ባዶ ትታ አለፈች።

እዚያው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ከየት ነህ አሉኝ። «ኢትዮጵያ» ብዬ ሳልጨርስ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የእኛ የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ፑሳን ወደብ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ እየተተኩ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ይህን የእኛ ልጆች ረስተውት የእነሱ ሽማግሎች አልረሱትም። ሰውየው ዳቦ ቤት ይዘውኝ ገብተው በውስጡ የተፈጨ ባቄላ ያለበት ዳቦ ገዙልኝ፤ ልጃቸው የሆነ ትልቅ መደብር እንዳለውም ነገሩኝ። ልቤ ተነሣ። እዚያው ስልክ መቱ፣ ብዙ አወሩ፣ ስልኩን ዘጉና አዝነው አዩኝ። «ኮሪያኛ አይችልም ወይ ነው የሚለው» አሉ። የጀግና አያቶች ውለታ ዳቦ ያስበላል፤ ለሺፍት የራስህ ወረቀት ያስፈልጋል።

ኤጀንሲው የሚነግደውን፣ ሰው የማከራየትን ንግድ ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስፋፉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የተነሡ አሜሪካኖች ናቸው። በ1946 ራስል ኬሊ የሚባል ሰው ዲትሮይት ላይ ለቢሮዎች የሚተይብና የሚደምር ሠራተኛ ማቅረብ ጀመረ። በ1948 ደግሞ ሁለት ጠበቆች ሚልዋኪ ከተማ ማንፓወርን አቋቋሙ። ኬሊ የሚልካቸው ሴቶች «ኬሊ ገርል» ተባሉ፤ በደንብ ተሸጡ። የሽያጩ ብልሃት አንድ ነው፦ ይቺ ሴት ባል አላት፣ ቤት አላት፣ እንጀራዋ እዚህ አይደለም፤ የመጣችው ለባርኔጣ መግዣ ነው። እንዲህ ከሆነ ጡረታ ምን ያደርግላታል? የሕክምና ኢንሹራንስስ ምኗ ነው? ኬሊዎች በ1971 ያወጡት አንድ ማስታወቂያ ይህችን ሴት ለአሠሪዎች ሲያሞግስ፣ ፈቃድ አትወጣም፣ ጭማሪ አትጠይቅም፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ታሰናብታታለህ፣ ጉንፋን አይዛትም ይላል። ጥርሷ እንኳ አይነቃነቅም፤ ቢነቃነቅም በአንተ ሰዓት አይደለም። የእኔ አያት ስለ በቅሎአቸው ሲናገሩ እንኳ እንዲህ አላጋነኑም።

አዲስ አበባ ሳለሁ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቱን አንጋጦ ከሚያነበው ወጣት ጋር ቆሜያለሁ። በደላላም በኩል አልፌያለሁ። ደላላ ከሠራተኛውም ከአሠሪውም ይቀበላል፤ ግን ሲቀበል ታየዋለህ፣ ትከራከረዋለህ፣ ካስፈለገም ትረግመዋለህ። የኮሪያታውኑ ኤጀንሲ ካንተ ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። የሚቀበለው አንተ ከሌለህበት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጭ ብዬ አሰብኩት፦ ለምሳሌ መጋዘኑ ለአንድ ሰዓቴ 26 ዶላር ይከፍላል እንበል፤ እኔ ጋ 18 ይደርሳል። መሐል ላይ 8 ዶላር ቀረች። ሁሉም ትርፍ ነው ብል ደግሞ እሰርቃለሁ፤ በሕግ አሠሪዬ ኤጀንሲው ስለሆነ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶውን ይከፍልልኛል፣ ሥራ ላይ ብወድቅ የምታከምበትን ኢንሹራንስ ይገዛል፣ መጋዘኑ ገንዘቡን ቢያዘገይም እኔን በሳምንቴ ሊከፍለኝ ግዴታ አለበት። የተረፈውን ግን ልጅቷ ከነፈገግታዋ፣ የውኃ ማሽኑ ከነውኃው ይካፈሉታል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለችው ባልቴት እንኳ በነጻ ነበር የምትሠራው።

ስልኩ የሚደወለው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ዛሬ ቬርነን ትሄዳለህ? ስምንት ሰዓት ሺፍት፤ ሴፍቲ ጫማ አለህ?» ልጅቷ በዚያ ሌሊት እንኳ ፈገግ እንዳለች ድምጿ ያስታውቃል። «አላውቅም» ካልክ የሚቀጥለው ሰው ይደወልለታል፤ ደጋግመህ «አላውቅም» ካልክ ስልክህ ጸጥ ይላል። ስለዚህ «እሄዳለሁ» ይባላል፤ ጫማው በጨለማ ይፈለጋል፤ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ይቀሰቀሳሉ፤ እርግማን ይወርዳል፤ በዌስተርን የሚወርደው 207 አውቶቡስ ይያዛል፤ ሌላ ይቀየራል።

ቬርነን ትንሽ ይብራራ። ከሎስ አንጀለስ መሐል በስተደቡብ ያለች፣ የራሷ ምክር ቤት ያላት ከተማ ናት። ነዋሪዋ ሦስት መቶ አይሞላም፤ ጠዋት የሚገባባት ሠራተኛ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። መኖሪያ ቤቷ ጥቂት ነው፤ የቀረው መጋዘንና ፋብሪካ ነው። የራሷ ከተማ መሆኗ ደግሞ ኪስ ይነካል፦ በሐምሌ 2025 የሎስ አንጀለስ ከተማ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 17.87 ዶላር ሲገባ፣ ቬርነን በካሊፎርኒያ የወል ተመን በ16.50 ላይ ነበረች። አንዱን ካርቶን ከመንገዱ ወዲህ ብታነሣው አንድ ዋጋ፣ ማዶ ብታነሣው ሌላ ዋጋ። ካርቶኑ ይህን አያውቅም፤ ወገብህም አያውቅም።

አንድ ቀን ደረስን፣ በር ላይ ተሰለፍን። ሱፐርቫይዘሩ ወጥቶ ቆጠረንና ከመሐላችን ግማሹን «ዛሬ ሰው ሞልቷል፤ ሂዱ» አለ። ከሚሄዱት ነበርኩ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት ጓቲማላዊት ሴትዮ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ ፍራፍሬ ትልጣለች፤ አልተናደደችም። በእሷ የተሰበረና በእኔ የተሰበረ እንግሊዝኛ ተጋግዘው ነገሩ ገባኝ፦ በካሊፎርኒያ ደንብ፣ ጠርተውህ ሰዓትህን አክብረህ ከተገኘህ ሥራ ባይሰጡህም የሺፍትህን ግማሽ ይከፍሉሃል፤ ከሁለት ሰዓት አያንስም፣ ከአራት ሰዓት አይበልጥም። ለስምንት ሰዓት ከተጠራህ አራቱ ያንተ ነው። ለኤጀንሲው ደወልኩ። ልጅቷ «እስቲ ልጠይቅ» አለች፤ ያን ቀን ብቻ ፈገግታዋ በስልኩ አልተሰማኝም። በሚቀጥለው ቼክ ላይ አራት ሰዓት ተጨምሮ መጣ። ዕድሜ ልኬን የሰው ሒሳብ ሳስታርቅ ኖሬ የራሴን ያስታረቀችልኝ ብርቱካን የምትልጥ ሴትዮ ናት።

ኤጀንሲ ሁሉንም ሰው የሚያማልልበት ቃል «ናይንቲ ዴይስ» ነው። ዘጠና ቀን ሥራ፤ ከወደዱህ ድርጅቱ ራሱ በቋሚነት ይወስድሃል። እውነት የሚወሰድ አለ፤ አብረውኝ ከሚኖሩት አንዱ ፎርክሊፍት ነድቶ እንዲሁ ተወስዷል፣ ዛሬ የሕክምና ኢንሹራንስ ስላለው ሳያመው ሐኪም ቤት ይሄዳል። በሰማንያ ስምንተኛው ቀን «ሥራው ቀዝቅዟል» የሚባልም አለ። ያኔ ቁጥሩ ከአንድ እንደገና ይጀምራል፤ ሰውየውም ቋሚ ጊዜያዊ ይሆናል። ይህ የመጋዘን ነገር ብቻ አይምሰልህ። ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ ሶፍትዌር የሚሠሩለትን ሰዎች ለዓመታት በዚህ መልክ ያሠራ ነበር፤ የቋሚው ባጅ ሰማያዊ፣ የእነሱ ብርቱካንማ። ቋሚው የኩባንያውን አክሲዮን በቅናሽ ሲገዛ እነሱ ያያሉ። በ1992 ከሰሱት፤ በ2000 ጉዳዩ በ97 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

እኛ ሐበሾች ግን ይህን ኑሮ ከማይክሮሶፍት ቀድመን ተለማምደነዋል። ፌርፋክስ ከሚቀመጡት ጋሼዎች መካከል በሱዳን በኩል ዞረው በ1980ዎቹ የመጡ አሉ፤ የመጡት ነገሩ እስኪበርድ ነው። ነገሩ ሳይበርድ ቤት ገዙ፣ ልጅ አስመረቁ፣ የልጅ ልጅ አዩ፤ ዛሬም ስለ ሎስ አንጀለስ ስትጠይቃቸው «ለጊዜው እዚሁ ነን» ይላሉ። በዲቪ የመጣነውም ከእነሱ አንሻልም። «ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ቤት ሠርቼ፣ እመለሳለሁ» ያላለ ማን አለ? የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ምስማር አልተመታም፤ ለጊዜው ለሆነ ቤት ምስማር ምን ያደርጋል ብለን። አሜሪካን ራሷን የያዝናት በጊዜያዊነት ነው።

የኤጀንሲው ንግድ ደግሞ ከጥንቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የዲትሮይቷ ሴት እውነተኛ ኑሮዋ ባሏ ቤት ነው ተብሎ ተገመተ፤ የእኔ እውነተኛ ኑሮ አዲስ አበባ እንደሆነ እኔው ራሴ አምኛለሁ። ኑሮዬ ሌላ ቦታ ነው የሚል ሰው ያለበት ቦታ ላይ አይከራከርም። ኦቨርታይም ቢቀርበት «ይሁን» ይላል፤ ጀርባውን ቢያመው ይደብቃል፤ ፎርክሊፍት ተማር ቢሉት «ምን ሊያደርግልኝ» ይላል። ከዚያ ማታ ለእናቱ ደውሎ ሥራው ጥሩ ነው ይላል፤ ምን ሥራ እንደሆነ አይናገርም። በእኔ ፍርድ ኤጀንሲው ከሚቆርጠው 8 ዶላር ይልቅ ይህ «ለጊዜው ነው» የሚባለው ነገር ብዙ አክስሮናል።

እንግዲህ አንተም፣ አንቺም ሰሞኑን ከቦሌ ተነሥታችሁ ከመጣችሁ፣ ኤጀንሲ አትፍሩ፤ አንዱን ብቻ ይዛችሁም አትቀመጡ። ሁለት ሦስት ቦታ ተመዝገቡ፤ ጊዜያዊ ሥራ ላይ ልኬ አሠራለሁ እያለ መመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ፎርሙን መልሱለትና ውረዱ። «ያለ ግብር እንከፍልሃለን፣ 1099 የሚባለውን የግል ሠራተኛ የግብር ቅጽ እንሰጥሃለን» የሚል ቢመጣ ሒሳቡን አስታውሱ፤ አሠሪው ይከፍል የነበረው 7.65 በመቶ ወደ እናንተ ዞሮ ሸክሙ 15.3 ይሆናል። በካሊፎርኒያ የኤጀንሲ ሠራተኛ እንደ ደንቡ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ በቀን ከስምንት ሰዓት ያለፈው ኦቨርታይም ነው፤ ለየ30 ሰዓቱ ሥራ ቢያንስ የአንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀማል። ኤጀንሲው ደመወዛችሁን በልቶ ቢጠፋ ከ2015 ጀምሮ መጋዘኑም አብሮ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የሠራችሁበትን ቦታ ስምና አድራሻ፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። በአማርኛም ይሁን፣ ብቻ ጻፉ። የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት አቤቱታ የሚቀበለው በነጻ ነው፤ የመኖሪያ ወረቀት አይጠይቅም፤ አስተርጓሚም ያቀርባል። ለቀረ ኦቨርታይም የማመልከቻው ጊዜ ሦስት ዓመት ነውና ነገሩ እስኪበርድ አትጠብቁ።